የእንስሳን ልብ ሌሊትና ቀን ስለ መጠበቅ

ፈረስ የሚገዛ ሰው ጥርሱን አይቶ፥ ሰኮናውን አንሥቶ፥ ጥቂት አስሩጦ ይፈርዳል። ልቡን የሚያዳምጥ ግን ጥቂት ነው፤ የሚያዳምጠውም ቢሆን ለአፍታ ነው። ከዚህም የተነሣ ጤነኛው በሽተኛ ተብሎ ሲነቀፍ፥ በሽተኛው ጤነኛ ተብሎ ሰው ተሸክሞ ይሄዳል።

ምክንያቱም ግልጥ ነው። ያረፈ ጤነኛ ፈረስ ልብ በደቂቃ ከ28 እስከ 44 ጊዜ ይመታል፤ በሙሉ ጉልበቱ ሲጋልብ ከ200 በላይ ይደርሳል። በብዙ ጤነኞች ፈረሶችም ዘንድ በዕረፍት ጊዜ ልብ አንዳንድ ምት ይዘላል፤ ፈረሱ ሲንቀሳቀስ ግን ይስተካከላል። ይህን የማያውቅ ሰው ያለ በደሉ ይፈርድበታል። በአንጻሩም የላይኛው የልብ ክፍል ያለ ሥርዓት የሚንቀጠቀጥበት ሕመም በአንዳንዱ ፈረስ ላይ ተነሥቶ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ በራሱ ጊዜ ይለቃል፤ ዘግይቶ የመጣው ሐኪም ምንም አያገኝም።

የልብን ኤሌክትሪክ የሚጽፍ መሣሪያ የሠራው ሆላንዳዊው ዊለም አይንቶቨን እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1924 ዓ.ም. የኖቤልን ሽልማት ተቀበለ፤ መሣሪያው ግን ከስፍራው የማይነሣ ከባድ ነበረ። አሜሪካዊው ኖርማን ሆልተር በመጀመሪያ ወደ 38 ኪሎ የሚመዝን፥ በጀርባ የሚሸከሙት መሣሪያ ሠራ፤ እያሳነሰውም ሄዶ በ1961 ዓ.ም. ሥራውን በጽሑፍ ገለጠ። ዛሬ እንዲህ ያለው መሣሪያ በፈረስ ደረት ላይ በመቀነት ታስሮ 24 ሰዓትና ከዚያም በላይ እያንዳንዱን ምት ይመዘግባል። ዶበርማን የሚባለውን የውሻ ዘር በድንገት የሚገድለው የልብ ሕመም፥ ምልክቱ በውጭ ሳይታይ ብዙ ጊዜ የሚታወቀው በዚህ ነው።

«ለእንስሳ ይህ ሁሉ ድካም ምን ይረባል?» የሚል አይጠፋም። ነገር ግን ልቡ የታመመ ፈረስ ሲወድቅ የተቀመጠበትን ሰው ይዞ ይወድቃል፤ የጋሪ ፈረስ ሲሞትም የአንድ ቤተ ሰብ እንጀራ ይቋረጣል። መርማሪዎችም በመቀነት የሚታሰረው ሲበቃቸው፥ ቆዳ ተቀዶ የሚቀበረውን መሣሪያ ማብዛት አይገባቸውም፤ እንስሳ ሕመሙን በቃል አይናገርምና።

መሣሪያው በሌለበት ስፍራ ሹማምንት እንዲህ ብለው ቢያዝዙ መልካም ነው፤ ከመንጋጋው በታች ያለው የደም ሥር በጣት ተዳስሶ፥ ጧት በዕረፍት፥ ከሥራ በኋላ፥ ማታም፥ ለአንድ ሳምንት ምቱ ተቈጥሮ ይጻፍ። በዕረፍት ዘሎ በእንቅስቃሴ የሚስተካከለው ፈረስ ሐኪም ሳያየው አይነቀፍ። ከእንቅስቃሴም በኋላ ምቱ ሥርዓት ያጣው ሐኪም ሳያየው ሰው አይቀመጥበት።

አንድ ምስክር ለፍርድ እንደማይበቃ ሁሉ፥ የአፍታ ማዳመጥም በእንስሳ ላይ ለመፍረድ አይበቃም።