የስም ዋጋ፤ ስለ ቶዮታ ኩባንያ ታሪክና በቡና አገር ስለሚሸጠው መለዋወጫ ዕቃ

ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባሉት የለቀማ ወራት ከሊሙ ገነት ወደ ጅማ በሚወስደው መንገድ ዳር ቆሞ የሚያልፉትን ተሽከርካሪዎች የቈጠረ ሰው፣ ከባዱን ጭነት አይሱዙ፣ ሰውንና ቀላሉን ጭነት ደግሞ በአብዛኛው ቶዮታ ተሸክሞት እንደሚያልፍ ያስተውላል። ቀዩን ፍሬ ወደ መፈልፈያው የሚያደርሰው ፒክ አፕ፣ ተሳፋሪውን የሚያመላልሰው ሚኒባስ፣ የእርሻው ሥራ አስኪያጅ ጭቃውን የሚሻገርበት ላንድክሩዘር፣ የነጋዴው አሮጌ ኮሮላ ሁሉ የአንድ ፋብሪካ ልጆች ናቸው። በእነዚህ ከተሞች አሮጌ መኪናውን ለመሸጥ የሚፈልግ ሰው «ቶዮታ ናት» ካለ በኋላ ብዙ ማስረዳት አያስፈልገውም። ስሙ ራሱ እንደ ዋስ ይቈጠራል።

ይህ ዋስትና እንዴት እንደ ተገኘ መመርመር ለነጋዴ ጥቅም አለው፤ ምክንያቱም ስሙ ከመጀመሪያው የመልካም ዕቃ ስም አልነበረም።

ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1924 ዓ.ም. በመልእክት ወደ ጃፓን ሄደው ሲመለሱ «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» የተባለውን መጽሐፍ አሳተሙ። በዚያ ዘመን ብዙ የተማሩ ኢትዮጵያውያን የጃፓንን የሥልጣኔ አካሄድ እንደ አርአያ ይመለከቱት ነበር። ገበያው ግን ጃፓንን የሚያውቃት በመጽሐፍ ሳይሆን በጥጥ ጨርቅ ነበር። የጃፓን ጨርቅ ርካሽ ነበረ፤ በርካሽነቱም ገበያውን በሰፊው ያዘ። በአውሮፓና በአሜሪካ መደብሮችም «በጃፓን የተሠራ» የሚለው ጽሑፍ ርካሽና ቶሎ የሚሰበር ዕቃ ማለት ሆኖ ለብዙ ዓመታት ኖረ። የዛሬው ሰው ይህን ሲሰማ ይገረም ይሆናል እንጂ ነገሩ እውነት ነው።

ቶዮታም የወጣው ከዚሁ ከጨርቁ ሥራ ነው። (ከዚህ በኋላ የኩባንያውን ነገር የሚመለከቱት ዓመታት በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።) በ1867 ከአናጢ ቤት የተወለዱት ሳኪቺ ቶዮዳ ዕድሜያቸውን ሙሉ የሸማ መሥሪያ መኪና ሲያሻሽሉ ኖሩ። በ1924 የፈጸሙት መኪና በዓለም ከነበሩት የተሻለ ሆኖ ተገኘ። ብልሃቱ በፍጥነቱ ብቻ አልነበረም፤ አንድ ክር ሲበጠስ መኪናው ራሱ ይቆም ነበር። ክሩ ተበጥሶ የሚሠራ መኪና ብልሹ ጨርቅ ያመርታል፤ ብልሹውን ጨርቅ ለይቶ ለማውጣትም ሌላ ሠራተኛ፣ ሌላ ጊዜ፣ ሌላ ገንዘብ ይጠይቃል። ራሱን የሚያቆመው መኪና ግን ጉድለቱን በተወለደበት ቦታ ያስቀረዋል። በ1929 የእንግሊዙ ፕላት ብራዘርስ ኩባንያ የዚህን መኪና የፈጠራ መብት በ100,000 ፓውንድ ገዛ። ለዓለም ሸማ መሥሪያ ስትሸጥ የኖረችው እንግሊዝ ከጃፓን አናጢ ልጅ ዕውቀት ገዛች ማለት ነው።

የሳኪቺ ልጅ ኪኢቺሮ በ1933 በዚያው በሸማ መሥሪያው ፋብሪካ ውስጥ የአውቶሞቢል ክፍል አቋቋሙ። በ1935 ያወጡት የመጀመሪያው የጭነት መኪና ግን ለሚያየው ሁሉ ማፈሪያ ነበር። በየመንገዱ ይቆማል፤ ዕቃው ይሰበራል። በዚህ ጊዜ ኩባንያው ያደረገው ነገር ለነጋዴ ሁሉ ትምህርት የሚሆን ነው። መኪናው በቆመበት ስፍራ መሐንዲስ እየላከ ያሠራ፣ የተሰበረውንም ዕቃ ወደ ፋብሪካው እያስመለሰ ለምን እንደ ተሰበረ ይመረምር ነበር። በዚያው ዓመት ከአሜሪካው ጄኔራል ሞተርስ የጃፓን ቅርንጫፍ ወጥተው ወደ ቶዮዳ የገቡት የሽያጭ ሹም ሾታሮ ካሚያም፣ አስቀድሞ ገዥው፣ ቀጥሎ ወኪሉ፣ በመጨረሻ ፋብሪካው ይጠቀም የሚል ደንብ አቆሙ። በ1937 ኩባንያው ራሱን ችሎ ሲቆም ከቤተ ሰቡ ስም አንዷ ድምፅ ተለውጣ «ቶዮታ» ተባለ፤ ይህም በጃፓን ፊደል ሲጻፍ ስምንት ጭረት ስለሚሆንና ስምንትም በእነርሱ ዘንድ የመልካም ዕድል ቍጥር ስለሆነ ነው።

ዕድሉ ግን ቶሎ አልመጣም። ከጦርነቱ በኋላ ኩባንያው በዕዳ ተይዞ በ1950 ሊዘጋ ተቃረበ፤ ሠራተኞቹ አድማ መቱ፤ ብዙዎቹ ተሰናበቱ፤ ኪኢቺሮም ኀላፊነቱን ተቀብለው ሥልጣናቸውን ለቀቁ። በዚያው ወር የኮርያ ጦርነት ተነሣ፤ የአሜሪካ ጦርም የጭነት መኪና ስላዘዘ ኩባንያው ዳነ። ኢትዮጵያውያን የቃኘው ሻለቃ በ1943 ዓ.ም. የዘመተበት ጦርነት ይኸው ነው።

ስለ ላንድክሩዘር አንድ ነገር ሳይጠቀስ ሊታለፍ አይገባም። በ1951 የተሠራው የመጀመሪያው መኪና የፉጂን ተራራ እስከ ስድስተኛው ማረፊያ ድረስ ወጥቶ ጕልበቱን አሳየ። «የቶዮታ ጂፕ» ተብሎ ይጠራ ነበር። ነገር ግን «ጂፕ» የሌላ ኩባንያ የተመዘገበ ስም ስለሆነ፣ በ1954 ቶዮታ የሰው ስም ትቶ ለመኪናው የራሱን ስም አወጣለት። በሰው ስም መሸጥ ለጊዜው የሚቀል ቢመስልም፣ ያን ቀን ኩባንያው ባይለውጠው ኖሮ ዛሬ በሊሙ ጭቃ ውስጥ የሚመሰገነው የሌላ ስም በሆነ ነበር።

በ1957 ወደ አሜሪካ የተላከው ክራውን የተባለው አውቶሞቢልም አልተሳካም። ለጃፓን ጠባብ መንገድ የተሠራ ስለሆነ በአሜሪካ ሰፊ ጎዳና ፍጥነቱን አልቻለም፤ ሞተሩም ይግል ነበር። ኩባንያው በ1960 መላኩን አቁሞ መኪናውን አሻሻለና በ1965 ኮሮና የተባለውን ይዞ ተመለሰ። ከዚያ በኋላ ኮሮላ በ1966፣ ሃይኤስ በ1967፣ ሃይሉክስ በ1968 ተከታትለው ወጡ።

ወደ አገራችን ሲመጣ፣ ቶዮታ ባዶ ገበያ አላገኘም። የጭነቱ መንገድ የጣሊያን ነበረ፤ ሾፌሮች «ኤንትሬ» እያሉ የሚጠሩት ፊያት ዝናው ገና ከሽማግሌዎች አንደበት አልጠፋም። የጋራዡ ቋንቋ እንኳ እስከ ዛሬ የጣሊያን ነው፤ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ባሌስትራ፣ ኩሽኔታ የማይል መካኒክ የለም። የገጠሩ መንገድ ደግሞ የእንግሊዙ የላንድሮቨር ነበረ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በኅዳር 1949 ዓ.ም. ጃፓንን ጐበኙ፤ ሞኤንኮ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1959 ተቋቁሞ በኋላ የቶዮታ ወኪል በመሆን ታወቀ። ታዲያ ቶዮታ እነዚያን ሁሉ እንዴት አሸነፈ? ብዙ ሰው «ስለማይበላሽ» ይላል። የማይበላሽ መኪና ግን የለም። ትክክለኛው መልስ፣ በተበላሸ ጊዜ ዕቃው በትንሽ ከተማ ሱቅ ስለሚገኝ፣ ትንሽ ከተማ ያለው መካኒክም ስለሚያውቀው ነው። ከዚህ የተነሣ የቶዮታን ስም በኢትዮጵያ ያቆመው ፋብሪካው ብቻ አይደለም፤ የጅማ፣ የአጋሮና የሊሙ ገነት መለዋወጫ ሻጭም ድርሻ አለው።

ኩባንያው ያለ ነቀፋ የኖረ እንዳይመስል ይህም ይጨመር። እ.ኤ.አ. በ2009 እና በ2010 በነዳጅ መስጫ ፔዳልና በምንጣፍ ጉድለት የተነሣ መኪኖች ሳይፈለግ ይፈጥናሉ ተብሎ በሚሊዮን የሚቈጠሩ ተጠርተው ታረሙ፤ የመሥራቹ የልጅ ልጅ አኪዮ ቶዮዳም በአሜሪካ ምክር ቤት ፊት ቀርበው ይቅርታ ጠየቁ። በ2014 ኩባንያው ስለ ጉድለቱ ሕዝቡን አሳስቷል ተብሎ 1.2 ቢሊዮን ዶላር ከፈለ። ይህን ያህል ገንዘብ ያስከፈለው የፔዳሉ ጉድለት ሳይሆን መደበቁ ነው። በ2022 ግን ቢዜድ ፎር ኤክስ የተባለው የኤሌክትሪክ መኪና የጎማው ቡሎን ሊላላ እንደሚችል በታወቀ ጊዜ ኩባንያው ነገሩን ወዲያው ገልጾ ባለቤቶቹ መኪናውን እንዳይነዱ ነገራቸው። ሁለቱን ጊዜያት ያነጻጸረ ሰው ክር ሲበጠስ የሚቆመው የሽማግሌው መኪና አንድ ጊዜ ተረስቶ እንደገና መታሰቡን ያያል።

አሁን ነገሩ ወደ ሱቁ ይመለሳል። በየካቲት 2012 ዓ.ም. የጸደቀው የኤክሳይዝ ታክስ ዐዋጅ ቍጥር 1186 በአሮጌ መኪና ላይ ከባድ ቀረጥ ጣለ። በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠራ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ መከልከሉ ተገለጸ። የዚህን ፖሊሲ ጥቅምና ጉዳት መመርመር ለሌላ ጊዜ ይቈይ። ለቡና አገር ነጋዴ ግን ውጤቱ ግልጽ ነው፤ በእጁ ያለው አሮጌ ቶዮታ ገና ብዙ ዓመት ማገልገል አለበት። የሚያገለግለውም በመለዋወጫ ነው። ስለዚህ የመለዋወጫ ንግድ ከምንጊዜውም ይልቅ ያተረፈበትና ማታለልም የቀለለበት ጊዜ ይህ ነው።

በገበያው ላይ የሚሸጠው ዕቃ አንድ ዐይነት አይደለም። ቶዮታ ራሱ ያሳሸገው አለ፤ ሌላ ፋብሪካ ሠርቶ በገዛ ስሙ የሚሸጠው አለ፤ ይህም ብዙ ጊዜ ደኅና ዕቃ ነው፤ እንዲያውም ዴንሶና አይሲን የተባሉት ኩባንያዎች ለቶዮታ ፋብሪካ ዕቃ የሚያቀርቡ ናቸው። ከአሮጌ መኪና የተፈታም አለ። በእነዚህ ላይ አንዳች ነቀፋ የለም። ነቀፋው ማን እንደ ሠራው የማይታወቅ ዕቃ በቶዮታ ቀለምና ጽሑፍ በተመሰለ ካርቶን ገብቶ «ኦሪጅናል ነው» ተብሎ ሲሸጥ ነው። የፍሬን ሸራ እንዲህ ሲሸጥ ጉዳዩ ከገንዘብ ያልፋል፤ የሰው ነፍስ ነው።

በገንዘብም ቢታሰብ ይኸው ነው። ቀይ ፍሬ በተለቀመበት ዕለት ካልተፈለፈለ በጆንያው ውስጥ መግል ይጀምራል። ከለቀማው ወደ መፈልፈያው በማታ የሚሄድ ፒክ አፕ በሐሰተኛ ፍሪሲዮን ምክንያት ዳገት ላይ ቆሞ ቢያድር፣ በማግስቱ የሚደርሰው ፍሬ ለታጠበ ቡና አይሆንም። አቅራቢው በደረጃው ይከስራል፤ ለአቅራቢው በዱቤ የሰጠው ባለሱቅም ዱቤውን ሳያገኝ ይቀራል። ሐሰተኛውን ዕቃ የሸጠው ያው ባለሱቅ ሊሆን ይችላል።

አንዳንድ ሻጮች «ገዥው ርካሽ ይፈልጋል፤ ዋናውን ባቀርብለት አይገዛኝም» ይላሉ። ይህ እውነትነት አለው፤ ገበሬም ሾፌርም ገንዘቡ ውስን ነው። ነገር ግን ርካሹ በገዛ ስሙ ርካሽ ተብሎ ቢሸጥ የሚከለክል የለም። የጃፓን ጨርቅ በዘመኑ ርካሽ ነበረ፤ በርካሽነቱ ግን ገበያ አላጣም። የሚጐዳው ርካሽነቱ ሳይሆን ካርቶኑ ነው።

ደግሞም የጅማና የሊሙ ነጋዴ በስም መነገድ ምን እንደሆነ ከሌላው ይልቅ የሚያውቅ ነው። በአባ ባጊቦ ዘመን የሳቃ ገበያ ስም በበቅሎ ነጋድያን አፍ እስከ ባሕር ዳርቻ ይሰማ ነበር። ዛሬ በዓለም የቡና ገበያ «ጅማ 5» የሚለው መጠሪያ የርካሽ ቡና ስም ነው፤ ቡና ቀማሹ ጅማ ሲባል የሚያስበው ተራውን ጀንፈል ነው። ከዚያው አካባቢ የሚወጣው የታጠበ የሊሙ ቡና ግን ወይን ወይን በሚል ጣዕሙ ተለይቶ ይፈለጋል። መሬቱ ጎረቤት ነው፤ ዝናቡ አንድ ነው። ስሙን የለያየው ቀዩን ከጥሬው መለየቱና በጊዜ መፈልፈሉ ነው፤ ይህም ክር ሲበጠስ መኪናውን ከማቆም የተለየ ሥራ አይደለም። ሌላ ቦታ የበቀለ ቡና በሊሙ ጆንያ ገብቶ ሲሸጥ የሊሙ ላኪ ይቈጣል፤ መቈጣቱም ተገቢ ነው። ያው ሰው ወይም የወንድሙ ልጅ ሐሰተኛ ኩሽኔታ በቶዮታ ካርቶን ሲሸጥ ግን ነገሩ እንደ ብልጠት ይታያል። ይህ ሁለት ሚዛን መያዝ ነው።

ሕጉ አለ፤ የንግድ ምልክት ዐዋጅ ቍጥር 501 በ1998 ዓ.ም.፣ የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ ዐዋጅ ቍጥር 813 በ2006 ዓ.ም. ወጥተዋል። ነገር ግን ተቈጣጣሪ በየሱቁ እስኪደርስ መጠበቅ ሳያስፈልግ፣ በየከተማው ያሉ መለዋወጫ ሻጮች በመካከላቸው ሊስማሙበት የሚችል አንድ ቀላል ነገር አለ። ይኸውም በሚሰጡት ደረሰኝ ላይ ከዕቃው ስምና ዋጋ ቀጥሎ «የቶዮታ»፣ ወይም የሌላው ፋብሪካ ስም፣ ወይም «ያገለገለ» የሚል ቃል ጽፈው መፈረም ነው። ከአዲስ አበባ የሚያመጣላቸው አስመጪም ያንኑ ቃል በደረሰኙ እንዲጽፍላቸው ይጠይቁ፤ የማይጽፍ ከሆነ ዕቃውን ይመልሱለት። ይህን ለመጀመር የሚመጣው ጥቅምት ለቀማው ሳይገባ ያሉት የክረምት ወራት፣ መኪኖች ለጥገና ወደ ጋራዥ የሚገቡባቸው ስለሆኑ፣ ከሁሉ የሚመቹ ናቸው።