«አንድ ወር ሰጥቼሃለሁ»

እሑድ ነበር። እትዬ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰው ነጠላቸውን እንኳ ሳያወልቁ በሬን አንኳኩ። «ና እስቲ ልጄ፣ ቡና ፈልቷል» አሉኝ። ገርጂ እሳቸው ግቢ ውስጥ፣ ሰርቪስ ቤት፣ 6 ዓመት ኖሬያለሁ። ለፋሲካም ለእንቁጣጣሽም ይጠሩኛል። ያለ በዓል ሲጠሩኝ ግን ልቤ ጠረጠረ። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው አይደል የሚባለው? አቦሉ ላይ ስለ ሽንኩርት ዋጋ አወራን። ቶናው ላይ ዱባይ ስላለችው ልጃቸው። በረካው ላይ መጣ፦ «ልጄ ልትመጣ ነው፤ ቤቱ ለእሷ ያስፈልገኛል። አይዞህ፣ አንድ ወር ሰጥቼሃለሁ።»

ጊዜው ግንቦት ነበር። አብራኝ የምትኖረው ታናሽ እህቴ የ12ኛ ክፍል ተፈታኝ ናት። «እትዬ፣ ፈተናዋን እስክትጨርስ ብቻ» አልኳቸው። «ምን ላድርግ ልጄ፣ ቲኬቱ ተቆርጧል» አሉኝ።

ወጣን። ያገኘነው ቤት ኮዬ ፈጬ ነው። እህቴ የመጨረሻዎቹን የጥናት ሳምንታት ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆማ፣ ደብተሯን እንደያዘች አሳለፈቻቸው። በወጣን በ10ኛው ቀን አንድ ደላላ ደወለልኝ፤ ቤት ስፈልግ ቁጥሬን ከሰጠኋቸው አንዱ ነው። «ወንድሜ፣ ገርጂ አሪፍ ሰርቪስ ቤት ተገኝቷል። ውሃ አለው፣ ቆጣሪ የብቻ ነው፣ አከራይዋ ጥሩ እናት ናቸው። 12 ሺህ።» እኔ በ6,500 የኖርኩበትን ቤት ነበር የሚነግረኝ። የዱባይዋ ልጅ አልመጣችም፤ የመጣው አዲስ ዋጋ ነው።

ይኼን የምጽፈው እትዬን ለመክሰስ አይደለም። ስማቸውንም አልጠራም። የምጽፈው «ሰጥቼሃለሁ» ስለምትለዋ ቃል ነው። ምኑን ነው የሰጡኝ? የዚያን ወር ኪራይ ከፍያለሁ፤ ሳንቲም አልጎደለም። የራሴን ገንዘብ፣ የራሴን ወር፣ እንደ ስጦታ አሽገው መለሱልኝ፣ እኔም «እግዜር ይስጥልኝ» ብዬ ተነሣሁ። በጣም የሚያናድደኝ ይኼ ነው፤ ማመስገኔ።

አንድ ወር ምን እንደሆነ አከራይ የሆነ ሰው ብዙ ጊዜ አያውቀውም፤ እንቁጠረው። የመጀመሪያው ሳምንት ድንጋጤ ነው፤ ለማን ደውዬ ልበደር እያሉ ማደር። ሁለተኛውና ሦስተኛው የደላላ ነው፦ ጎሮ፣ ሰሚት፣ ጀሞ፣ አያት፤ ከሥራ እያስፈቀዱ፣ «አሁን ተያዘ» እየተባሉ። አራተኛው የገንዘብ ነው፦ ቅድሚያ ክፍያ፣ የደላላ ኮሚሽን፣ አይሱዙ፣ ጫኝና አውራጅ። ከዚያ ደግሞ ወረዳ አለ፤ መሸኛ ካላወጣህ አዲሱ ሰፈር መታወቂያ የለህም። ልጅ ያለው ሰው ትምህርት ቤት ይጨምርበታል። በአንድ ወር ቤት አይገኝም፤ በአንድ ወር የሚገኘው የተጣደፈ ሰው የሚይዘው ቤት ነው። ደላላውም ያውቃል፣ አዲሱ አከራይም ያውቃል፣ ዋጋውም በዚያው ልክ ይቆረጣል። የማስጠንቀቂያ ማጠር የትሕትና ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የዋጋ ጉዳይ ነው የምለው ለዚህ ነው። የቸኮለ ሰው አይከራከርም።

«ሕግ አለ እኮ» የምትሉ ትኖራላችሁ። አለ። በ2016 የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 ትልቅ ነገር አድርጓል። ውል በጽሑፍ ይሁን፣ ይመዝገብ ብሏል። ውሉ ከ2 ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያም ከ2 ወር እንዳይበልጥ ደንግጓል። አከራይ በፈለገው ወር ተነሥቶ ዋጋ መጨመር አይችልም። ለእነዚህ ሁሉ አመሰግናለሁ፤ ይኼኛው ምስጋና ከልብ ነው። ግን 2 ዓመት የሚያልቅ ነገር ነው። ሲያልቅስ? 2 ዓመት የኖረውም፣ 12 ዓመት ኖሮ ልጆቹን እዚያ ግቢ ዳዴ ያስባለውም፣ እኩል «በል እንግዲህ» ይባላል? ደግሞ ስንቶቻችን ነን ውላችንን ያስመዘገብነው? «ካስመዘገብክ ሌላ ቤት ፈልግ» የተባለ ሰው ምን ይመልሳል?

የኔ ክርክር አንድ ነው፦ ማስጠንቀቂያ በኖርንበት ዕድሜ ልክ ይርዘም።

ሐሳቡ ከሰማይ የወረደ አይደለም። ጀርመን አገር ሕጉ እንዲህ ነው፦ ተከራዩ ቤቱ ውስጥ እስከ 5 ዓመት ከኖረ አከራዩ የ3 ወር ማስጠንቀቂያ ይሰጠዋል። ከ5 ዓመት ካለፈ 6 ወር ይሆናል፤ ከ8 ዓመት ካለፈ 9 ወር። ያውም በጽሑፍና በበቂ ምክንያት። ተከራዩ ራሱ መውጣት ሲፈልግ ግን፣ ስንት ዓመትም ቢኖር፣ 3 ወር ይበቃዋል። ሚዛኑ ሆን ተብሎ ወደ ተከራዩ አዘንብሏል፤ ምክንያቱም አንዱ ገቢ ነው የሚቀርበት፣ ሌላው ጣራ። ብዙ ሐበሻ የሚኖርባት ዋሽንግተን ዲሲም የውል ዘመን ማለቁ ብቻውን ተከራይን አያስወጣም። አከራዩ «እኔው ልገባበት ነው» ካለ የ90 ቀን ማስታወቂያ በጽሑፍ መስጠት አለበት። እትዬ ዲሲ ቢሆኑ ኖሮ እህቴ ተፈትና፣ ውጤት ልትጠባበቅ ነበር።

አሁን የአከራዮችን ወገን ልስማ፤ እውነት አላቸውና። አዲስ አበባ ውስጥ አከራይ ማለት ሁልጊዜ ባለ ፎቅ አይደለም። ጡረታዋ ለወር አስቤዛ የማይበቃ፣ ከግቢዋ ጥግ ያለችው አንዲት ክፍል የመድኃኒት መግዣዋ የሆነች እናት ናት። ኪራይ ሳይከፍል 4 ወር ቆይቶ ቁልፍ ይዞ የጠፋ ተከራይ አጋጥሟታል። ደግሞ «የቤት ሕግ» ሲባል አንድ ትዝታ ይቀሰቀሳል፦ ሐምሌ 19 ቀን 1967። የዚያን ቀን አዋጅ ቁጥር 47 ትርፍ ቤትን ከባለቤቱ ወስዶ የመንግሥት አደረገው። ቤታቸውን በአንድ ቀን ያጡ ሰዎች ልጆች ዛሬ «ተከራይ መብት አለው» ሲባሉ ቢደነግጡ አልፈርድባቸውም።

ግን ልዩነቱን እንይ። እኔ ቤት አልጠየቅኩም፤ ጊዜ ነው የጠየቅኩት። በማስጠንቀቂያ ወራት ውስጥ ኪራይ ይከፈላል፤ አንዲት ብር አትቀርም። የማይከፍልና ንብረት የሚያበላሽ ተከራይ በዚህ መብት አይሸፈን፤ ጀርመኖቹም አይሸፍኑትም። ልጅሽ በእርግጥ ከዱባይ የምትመጣ ከሆነ፣ እናቴ፣ መምጫዋን ከወራት በፊት ታውቂዋለሽ። ለተከራይሽም ያኔውኑ ንገሪው። ረጅም ማስጠንቀቂያ የሚከብደው ለውሸት ምክንያት ብቻ ነው፤ የዛሬ 9 ወር የምትመጣ ልጅ መፍጠር ከባድ ነዋ።

አንድ የማልሸሽገው ችግር አለ። መብቱ በ5ኛው ዓመት የሚያድግ ከሆነ በ4ኛው ዓመት ከ11ኛው ወር የሚያስወጣ አይጠፋም። ስለዚህ እርከኑ ቀስ እያለ ይውጣ፦ ለእያንዳንዱ የኖርክበት ዓመት አንድ ወር፣ ቢያንስ 3 ወር፣ ቢበዛ 9። እንዲህ ከሆነ የሚዘለል ገደል አይኖርም።

ሕጉ እስኪመጣ ደግሞ አከራይ የሆናችሁ፣ ወይም ወላጆቻችሁ የሚያከራዩ (ብዙዎቻችሁ ናችሁ!)፣ ነገሩ ከባድ አይደለም። ከእትዬ በፊት የነበርኩበትን ቤት ልንገራችሁ። ባለቤቱ ጡረታ የወጡ አስተማሪ ነበሩ። መስከረም ላይ ጠርተው፣ «ልጄ በሚቀጥለው ክረምት ያገባል፤ ቤቱን እስከ ሰኔ 30 እፈልገዋለሁ። ቀደም ብለህ ካገኘህ በፈለግክበት ቀን ውጣ፣ የቀረውን ቅድሚያ ክፍያ እመልስልሃለሁ» አሉኝ። በወረቀት ጽፈው ፈረሙበት። ሚያዝያ ላይ ቤት አገኘሁ፤ ገንዘቤን ቆጥረው ሰጡኝ። ሰርጉ ላይም ተጠራሁ፤ ሄድኩ፣ በላሁ፣ ጨፈርኩ። ጋሼ ምን አጡ? የ10 ደቂቃ ወሬና አንድ ወረቀት።

ቀኑን ንገሩ፣ እውነተኛውን ምክንያት ንገሩ፣ በጽሑፍ አድርጉት፣ ትምህርት ሳይዘጋ ልጅ ያለውን ሰው አታስወጡ። በቃ።

ድሮ የመሸበት መንገደኛ ደጅ ላይ ቆሞ «የመሸበት እንግዳ» ሲል «ቤት የእግዚአብሔር ነው» ይባል ነበር። ዛሬ ቤት የባለቤቱ ነው፤ እስማማለሁ። ወሩ ግን የከፈለው ሰው ነው። እህቴ ያን ዓመት ማለፊያ ነጥብ አላመጣችም። ምክንያቱ ታክሲው ነው ብዬ አልምልም፤ አይደለም ብዬም አልምልም። በሚቀጥለው ዓመት በግል ተፈታኝነት ተመዝግባለች። የአሁኑ ውላችን 2 ዓመት ነው፤ የተመዘገበ። የሚያልቅበትን ቀን የደብተሯ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ጽፋዋለች፤ ከፈተናው ቀን በላይ።