የወሰኑን ድንጋይ የሚተክለው ማን ነው?

በገጠር የሚያርስ ሰው ሁሉ የወሰን ድንጋይን ነገር ያውቃል። ድንጋዩ ከእርሻው ዳር ተተክሎ ሲታይ ተራ ነገር ይመስላል፤ ነገር ግን ሌሊት ተነሥቶ አንድ እርምጃ ወደ ጎረቤቱ ያስጠጋው ሰው የጎረቤቱን እህል ወሰደ ማለት ነው። ስለዚህም ወሰን ሲተከል ሁለቱ ባለ ጉዳዮች ብቻ ሳይሆኑ ሽማግሌዎችም በምስክርነት ይቆሙ ነበር። በከተማም የወሰን ነገር አልቀረም፤ ድንጋዩ በካርታ ላይ በሚሰመር መስመር ተለወጠ እንጂ።

አንድ የኮልፌ ሰው ሰፈሩን ቢጠየቅ «18 ማዞሪያ» ይላል እንጂ የወረዳውን ቁጥር አይጠራም። ይህም ያለ ምክንያት አይደለም። በደርግ ዘመን አዲስ አበባ በ25 ከፍተኛና በ284 ቀበሌ ተከፍላ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ዞንና ወረዳ መጣ፤ በ1995 ዓ.ም. 10 ክፍለ ከተሞች ተቋቋሙ፤ ቀበሌዎቹም ቈይተው ታጠፉና 116 ወረዳዎች ሆኑ፤ በ2013 ዓ.ም. ደግሞ ከቦሌና ከየካ ተቈርጦ 11ኛው ክፍለ ከተማ ለሚ ኩራ ተመሠረተ። ሰውየው ከቤቱ ሳይንቀሳቀስ አድራሻው ብዙ ጊዜ ተለዋወጠ ማለት ነው። መታወቂያው፣ የቤቱ ማኅደርና አቤቱታው የሚሄድበት ቢሮ ሁሉ ከመስመሩ ጋር ይጓዛል።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው፤ መስመሩ የሚሰመረው ለሕዝቡ አገልግሎት ነውን ወይስ ለአንድ ወገን ጥቅም? ነገሩ ለወጣት አንባቢ ግልጽ እንዲሆን አንድ ምሳሌ እንስጥ። በአንዲት ከተማ 100 መራጮች አሉ እንበል፤ 60ዎቹ «ነጭ» የተባለውን፣ 40ዎቹ «ጥቁር» የተባለውን ወገን ይደግፋሉ። ከተማይቱ 20፣ 20 መራጭ ባላቸው 5 ቀጠናዎች ትከፈል። ካርታውን የያዘው የጥቁር ወገን ቢሆን በ3ቱ ቀጠናዎች 11 ጥቁርና 9 ነጭ ያደርግና የቀሩትን 33 ነጮች ከ7 ጥቁሮች ጋር በ2 ቀጠናዎች ያጭቃቸዋል። ስለዚህ 40ው ሰው 3 ወንበር፣ 60ው ሰው 2 ወንበር ያገኛል። የማንም ድምፅ አልተሰረቀም፤ ኮሮጆም አልተሰበረም፤ ውጤቱ ግን ተገለበጠ።

ይህ ዘዴ በአሜሪካ ከኤልብሪጅ ጌሪ ስም ጋር ተያይዞ የቀረ ነው። ጌሪ በ1812 እ.ኤ.አ. የማሳቹሴትስ አገረ ገዥ ሳሉ ለፓርቲያቸው የሚስማማውን አከላለል በፊርማቸው አጸደቁ፤ የአንዱ ቀጠና ቅርጽም እንደ እንሽላሊት የተጠማዘዘ ሆኖ በጋዜጣ ተሳለቁበት። ከ200 ዓመት በላይ አልፎ በ2019 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ለፓርቲ ጥቅም የተሰመረን ወሰን የፌዴራል ፍርድ ቤቶች ሊዳኙት አይችሉም ሲል ወሰነ። የሠለጠነ ሕግ ያለው አገር እንኳ ለዚህ በሽታ ፈጽሞ መድኃኒት እንዳላገኘለት ከዚህ እንረዳለን።

ሁለተኛው መንገድ መስመሩን መግፋት ሳይሆን ሰው ከሄደ በኋላም እንደ ነበረ መተው ነው። በእንግሊዝ አገር ነዋሪ የሌለባት ለማለት የምትደርስ ኦልድ ሳረም የተባለች ስፍራ እስከ 1832 እ.ኤ.አ. ድረስ 2 እንደራሴዎች ትልክ ነበር፤ በፋብሪካ ያደጉት ታላላቅ ከተሞች ግን የራሳቸው እንደራሴ አልነበራቸውም።

ይህ ሁለተኛው መንገድ ወደ ኮልፌ ይመልሰናል። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው ቈጠራ ከአዲስ አበባ 2,739,551 ሕዝብ ውስጥ 428,895ቱ የኮልፌ ቀራንዮ ነዋሪ ነበር፤ ከ10ሩ ክፍለ ከተሞች ሁሉ የሚበልጠው እርሱ ነው። ልደታ በአንጻሩ 201,713፣ አራዳ 211,501 ሕዝብ ነበራቸው። በአስተዳደር ደረጃ እኩል የሚቈጠሩ ክፍሎች በሕዝብ ብዛት እጥፍ ይበላለጡ ነበር ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ የመሐል ከተማው ሰፈር እየፈረሰ ብዙ ሕዝብ ወደ ዳር ወጥቷል፤ በ2010 ዓ.ም. ሊደረግ የታሰበው ቈጠራ ግን ተላልፎ ቀረ። በተወካዮች ምክር ቤት የአዲስ አበባ መቀመጫ በ1987 ዓ.ም. ምርጫ 23 እንደ ነበረ በ2013 ዓ.ም. ምርጫም 23 ነው። ሳይቈጠር የሚኖር ሕዝብ ተመዛዛኝ ወሰን ሊሰመርለት አይችልም።

ሦስተኛው መንገድ የወንበሩን ቍጥር መለወጥ ነው። በ2000 ዓ.ም. የአካባቢ ምርጫ ለአንድ የቀበሌ ምክር ቤት እስከ 300 መቀመጫ ተመድቦ ነበር። ዓላማው የሕዝቡን ተሳትፎ ማስፋት ነው ተባለ፤ ነገር ግን በየቀበሌው ይህን ያህል እጩ ሊያቀርብ የሚችለው በመላ አገሪቱ መዋቅር የዘረጋ የመንግሥት ፓርቲ ብቻ ነበር። ወሰኑ አልተነካም፤ ደጃፉ ግን ለሌላው ጠበበ።

ምናልባት አንድ አንባቢ፣ «በአዲስ አበባ የወሰን ተንኮል ምን ይፈይዳል? በ1997 ዓ.ም. ከከተማው ምክር ቤት 138 መቀመጫ 137ቱን ቅንጅት ወሰደ፤ በ2013 ዓ.ም. ደግሞ 138ቱንም ብልጽግና አገኘ» ይል ይሆናል። እውነት ነው፤ ነፋሱ በአንድ ወገን ሲነፍስ አጥር ለውጥ አያመጣም። ፉክክሩ የተቀራረበ በሆነ ቀን ግን ጥቂት መንደሮችን ከአንዱ ወደ ሌላው ያሻገረች መስመር ምክር ቤቱን ትወስናለች። ወሰንን በቅንነት ለመትከል የሚሻለው ጊዜም ማን እንደሚጠቀምበት ገና ሳይታወቅ ነው።

የከተማው የውጭ ድንበር ነገርም እንዲሁ ነው። በነሐሴ 2014 ዓ.ም. የአዲስ አበባ አስተዳደርና የኦሮሚያ ክልል ስለ ወሰናቸው መስማማታቸውን ሲያስታውቁ የኮዬ ፈጬ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ወደ ኦሮሚያ ተመደቡ። ስምምነት ከጠብ የሚሻል መሆኑን ማንም አይክድም። ሆኖም ድንበር የተሻገረበት ነዋሪ የሚመርጠው ምክር ቤትም አብሮ ይለወጥበታልና፣ ውሳኔው ከመፈረሙ በፊት ሐሳቡን የመስማት ግዴታ አለ።

መድኃኒቱ እንግዳ አይደለም። እንግሊዞች ከ1944 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ወሰን የሚያጠኑ ቋሚ ኮሚሽኖች አቋቁመዋል፤ ረቂቁ ለሕዝብ ይቀርባል፣ ተቃውሞም ይሰማል። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በ1964 እ.ኤ.አ. የክፍለ አገር ምክር ቤቶች ቀጠናዎች በሕዝብ ብዛት እንዲመዛዘኑ ፈርዷል። በአገራችንም የምርጫ ቦርድና የሕዝብ ቈጠራ የሚባሉ መሣሪያዎች አሉ፤ የጐደለው እነርሱን በጊዜያቸው መሥራት ነው።

ነገ ካርታና እርሳስ የምትይዙት እናንተ ተማሪዎችና ወጣት ሹማምንት ናችሁ። አለቃችሁ አንድን ወሰን አስተካክሉ ሲላችሁ ሦስት ነገር ጠይቁ፤ በዚህ መስመር ውስጥ ስንት ሰው ይኖራል? ለውጡን ነዋሪው ሰምቶታልን? ነገ ተቃዋሚዬ ሥልጣን ቢይዝ ይህንኑ መስመር በደስታ እቀበለዋለሁን? ለሦስተኛው ጥያቄ «አዎን» ለማለት የሚከብዳችሁ ከሆነ፣ የያዛችሁት እርሳስ ሳይሆን በሌሊት የሚገፋው ድንጋይ መሆኑን ዕወቁ።