ደጅ የሚፈልግ በዓል

እናቴ ስልክ ስትደውል ነገር አታስረዝምም። «ዘንድሮ ልደታ ቅዳሜ ናት፤ ሥራ አለኝ እንዳትለኝ። ንፍሮው ደጃችን ነው» አለችና ዘጋችው። እናቴ የምትኖረው ጀሞ፣ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ደጃችን የምትለው ግን ልደታ ማርያም አጠገብ የነበረውን፣ ከፈረሰ ከአሥራ አምስት ዓመት በላይ ያለፈውን የግቢያችንን በር ነው። በሩ የለም፤ ግቢው የለም፤ ወደ ግቢው ያስገባን የነበረው ቀጭን ኮረኮንችም የለም። እሷ ግን ግንቦት አንድ በመጣ ቁጥር ድስቷን በዘንቢል አድርጋ፣ ታክሲ ቀያይራ ትሄዳለች፤ ቦታውን አንድ እርምጃ ሳትስት ትቆማለች። የድሮ ጎረቤቶቿም ከያሉበት መጥተው አጠገቧ ይቆማሉ።

እኔ ኑሮዬ አዳማ ነው። ቅዳሜ ማለዳ በፈጣን መንገዱ መጥቼ ቃሊቲ ወረድኩና ባቡር ያዝኩ። መስከረም 2008 ሥራ የጀመረው ይኸው መስመር በሳሪስና በጎተራ አድርጎ መስቀል አደባባይ ይደርሳል፤ ከዚያ በለገሃርና በሜክሲኮ አልፎ ልደታ ያወርዳል። ከጣቢያው ስወጣ ዓይኔ የሚያውቀውን ፈለገ። ቤተ ክርስቲያኑ አለ። ፍርድ ቤቱ አለ። ጣሪያ ለጣሪያ ተደጋግፎ የቆመው የቆርቆሮ ሰፈር በነበረበት ቦታ ላይ ግን ባለቀለም ሕንፃዎች ተደርድረዋል፤ ቅዳሜ ስለሆነ በረንዳው ሁሉ ልብስ ተሰጥቶበታል። ሰዎች ይኖሩበታል፣ ልጆች ይሯሯጡበታል። ሰፈር ሆኗል። የእኛ ሰፈር አይደለም እንጂ።

ግንቦት ልደታን ከሌላው በዓል የሚለያት ቤት ውስጥ የማትከበር መሆኗ ነው። ፋሲካም ገናም በር ዘግቶ ከቤተሰብ ጋር ሊዋልባቸው ይችላል። ልደታ ግን ደጅ ትፈልጋለች። ቄጠማው ደጅ ይጎዘጎዛል፤ ቡናው ደጅ ይፈላል፤ ስንዴው፣ ባቄላው፣ ሽምብራውና አተሩ አንድ ላይ ተቀቅሎ ደጅ ይበላል፤ የተረፈውም ወደ ቤት አይገባም። ምክንያቱን ልጅ ሆነን ከእናቶቻችን ነው የሰማነው። ኢያቄምና ሐና ልጅ ሳያገኙ ዘመናቸው አለፈ፤ ሐና በፀነሰች ጊዜ ምቀኞች በድንጋይ ሊወግሯቸው ተነሱ፤ በመልአክ ቃል ወደ ሊባኖስ ተራራ ሸሹና እመቤታችን እዚያ፣ ከቤት ውጭ ተወለደች። እዚያ ያገኙትም ንፍሮ ብቻ ነበር ይባላል። ይህን ታሪክ ስንት ዓመት ሰምቼዋለሁ። ከቀዬአቸው የተነሱ ሰዎች ታሪክ መሆኑን ያስተዋልኩት ግን እኛ ራሳችን ከተነሳን በኋላ ነው።

ስደርስ እናቴ ሰው እያስቀመጠች ነበር። ዱካውንና የፕላስቲክ ወንበሩን የምትደረድርበት ሥርዓት አላት፤ ብዙ ዓመት አይቼው ዘንድሮ ነው የገባኝ። ሰዎቹን የምታስቀምጠው በድሮው የቤታችን ተራ ነው። ከበሩ ስንገባ በቀኝ በኩል የነበሩት እትዬ፣ ልብስ ሰፊዋ፣ በቀኟ። ከእሳቸው ቀጥሎ እንጀራ እየጋገሩ ልጆቻቸውን ያሳደጉት እማማ። ከቧንቧው አጠገብ የነበሩት የጡረተኛው ወታደር ባለቤት ከፊት ለፊቷ። ያረፉት ሰዎች ቦታ ክፍት አይተውም፤ ቀጣዩ ይጠጋል። ዘንድሮ ሁለት ጊዜ «ጠጋ በሉ» ስትል ሰማኋት።

ከሕንፃው የወረደች ልጅ እግር ሴትም ሕፃኗን ታቅፋ ትንሽ ቆማ አየችንና ቀረበች። እናቴ ማን እንደሆነች አልጠየቀቻትም። ንፍሮ አፈሰችላት። ልጅቷ ሰው ሁሉ ለከርሞ ሲሳል አዳመጠችና፣ «እኔም በሰላም ካደረሰችኝ ድፎ ዳቦ ይዤ እወርዳለሁ» አለች። እማማ «ይድረስሽ» ብለው መረቋት።

ያለፈውን ለማሳመር አልፈልግም። ግቢያችን የቀበሌ ቤት ነበር። ሐምሌ 1967 የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ሲያደርግ፣ ኪራያቸው በወር ከ100 ብር በታች የሆኑ ቤቶች በቀበሌ እጅ ገቡ። ኪራዩ እንደ ረከሰ ቆየ፤ ቤቱም እንዳረጀ ቆየ። አሥራ አንድ ቤተሰብ አንድ ሽንት ቤት ነበረን። ክረምት ሲገባ የጭቃው ግድግዳ ይረጥብና ጭዱ ይታይ ነበር፤ እናቴ ሌሊት እየተነሳች ከሚያፈሰው ጣሪያ ሥር ሳፋ ስታዘዋውር እሰማት ነበር። ዛሬ ውኃ ከቧንቧ ቤቷ ውስጥ ትቀዳለች፤ ሽንት ቤቷን ራሷ ቆልፋ ራሷ ትከፍታለች። ይህን ማንም እንዲያቃልልባት አትፈቅድም፤ እኔም አልፈቅድም። ያ ሰፈር መታደስ ነበረበት።

የሚያንገበግበኝ የተነሳንበት መንገድ ነው። ያን ጊዜ ለቀበሌ ቤት ተከራይ ሁለት በር ነበር የተከፈተለት፤ ወይ ቅድሚያ ክፍያ ከፍሎ ኮንዶሚኒየም፣ ወይ ሌላ ቦታ ሌላ የቀበሌ ቤት። ወረቀት ላይ ሲያዩት ፍትሐዊ ምርጫ ነው። ግቢያችን ውስጥ ግን ጎረቤትን ከጎረቤት በገንዘብ የለየ ወንፊት ሆነ። ለቅድሚያ ክፍያው ወርቋን የሸጠች አንድ ወገን ሄደች፤ የሚሸጥ ያልነበራት ሌላ ወገን። አርባ ዓመት አንድ ምጣድ የተዋዋሱ ሴቶች በሁለት ሳምንት ውስጥ ተለያዩ። ከዚያ ዕጣው መጣ፤ ዕጣው ደግሞ ፎቁን ይወስናል። እናቴ አራተኛ ፎቅ ደረሳት። ሊፍት የለም። ያኔ ጉልበቷ ከዛሬ ይሻል ነበር፤ ዛሬ ሁለተኛው ፎቅ ላይ ቆማ፣ የደረጃውን ብረት ይዛ፣ ትንፋሿ እስኪመለስ ትጠብቃለች። ቅዳሜ ማታ ባዶውን ድስት ተሸክሜ ከኋላዋ ስወጣ አራት ጊዜ ቆመናል።

ኮንዶሚኒየሞቹን ያቀዱ ሰዎች ስለ ማኅበራዊ ኑሮ ጨርሶ አላሰቡም አልልም። ኮሚናል የምንለው፣ ለለቅሶና ለድግስ፣ ለእርድና ለወጥ ቤት ተብሎ የተሠራው የጋራ ሕንፃ የዚያ ሐሳብ ፍሬ ነው። ደግ ሐሳብ ነበር። ዕቃ ተቆልሎበት ያየሁት ግን ብዙ ጊዜ ነው። አዳራሽ ስለተሠራ ብቻ ሰው አይሰበሰብም፤ መጀመሪያ የሚተዋወቅ ሰው ያስፈልጋል። በአንድ ደረጃ የሚወጡ አሥር ቤተሰቦች ከአሥር ሰፈር በዕጣ ሲመጡ፣ አንዷ ምጥ ቢይዛት ማንን እንደምታንኳኳ እስክታውቅ ድረስ ዓመታት ያልፋሉ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የድሮው እድራችን ስብሰባ ነበረው። እድሩ አልፈረሰም። ሰፈሩ ፈርሶ እድሩ ቆሟል፤ ይህን ስጽፍ ኩራት ይሰማኛል። አባላቱ ከጀሞም፣ ከገላንም፣ ከኮዬ ፈጬም ይመጣሉ፤ መዋጮአቸውን ከፍለው፣ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ግቢ ውስጥ ዛፍ ሥር ተቀምጠው ተነጋግረው ይሄዳሉ። እናቴን ተከትዬ ሄድኩ። ጸሐፊው መዝገቡን ከፍተው ሲያነቡ፣ ሰፈሩ በነበረበት ጊዜ 140 የነበረው አባል 61 መሆኑን ሰማን። አጀንዳው አንድ ነው፤ እድሩ ይቀጥል ወይስ ገንዘቡን ተካፍለን እንሰነባበት?

እንሰነባበት ያሉት ክፉ ሰዎች አይደሉም። ደክመዋል። አንዲት እናት ተነስተው፣ ለቅሶ ለመድረስ ሦስት ታክሲ እንደሚቀይሩ፣ ሲመለሱ እየመሸባቸው እንደሚቸገሩ ተናገሩ። ድንኳኑ ከባድ ነው፤ ብረቱን ብቻ ስድስት ወጣት ነው የሚሸከመው፤ ወጣቶቹ ደግሞ የሉም። ድሮ ጡሩምባ ሲነፋ ሰፈሩ በአንድ ጊዜ ይነቃ ነበር፤ ዛሬ ጡሩምባውን ልደታ ላይ ቢነፉት ኮዬ ፈጬ ያለው አባል አይሰማም። ያሉት ሁሉ እውነት ነው።

ከዚያ አብሮ አደጌ ተነሳ። ኮዬ ፈጬ ነው የሚኖረው። ልጅ ሆነን አንድ ዳቦ ለሁለት ተካፍለን የበላን፣ በጨርቅ ኳስ የተጣላን ሰው ነው፤ ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው ያገኘሁት፤ ጠጉሩ ሸብቷል። «አባቴ አምና ሲያርፍ» አለ፣ «በሕንፃዬ ያሉት ሰዎች ደግ ናቸው፤ ወንበር አመጡልኝ፤ ውኃ አመጡልኝ። አባቴን ግን አያውቁትም። ከልደታ የመጣችሁት እናንተ ናችሁ ስለ አባቴ ያወራችሁልኝ። ገንዘቡ የእናንተ ነው፤ ተካፈሉት። እኔ ግን እናቴ የምታርፍ ዕለት የሚያውቃት ሰው እንዲቀመጥላት እፈልጋለሁ» አለና ተቀመጠ። ብዙ አልተናገረም።

ከተማችን አሁንም ሰው እያነሳች ነው። በ2016 የተጀመረው የኮሪደር ልማት ከፒያሳና ከአራት ኪሎ አነሳ፤ በ2017 ካዛንቺስ ተነሳ፤ ከካዛንቺስ ብዙዎቹ ገላን ጉራ ገቡ። አንድ ሰፈር የነበረ ሰው አብሮ አንድ ቦታ ሲገባ ከእኛ ዘመን የተሻለ ነው እላለሁ፤ ወደፊትም ከዚህ በላይ እንዲሆን እፈልጋለሁ። ሰው ሲነሳ ካሬ ሜትር ይለካል፤ ክፍል ይቆጠራል፤ የቤተሰቡ ስም ይጻፋል። የእድሩ መዝገብ ግን አይጠየቅም። ለምን አይጠየቅም? ከየትኛውም ጽሕፈት ቤት በፊት ማን ከማን ጋር እንደሚኖር፣ ማን አስታማሚ እንዳለው፣ ማን ብቻውን እንደሆነ ጽፎ የያዘው እድር ነው። አንድ ሙሉ ሕንፃ ለአንድ እድር ይሰጥ። ዕጣው በቤተሰብ ከሚወጣ በእድር ይውጣ፤ ከዚያ በኋላ ማን ምድር ቤት ማን አራተኛ ፎቅ እንደሚገባ ጎረቤቶቹ ይነጋገሩበት። የማን ጉልበት እንደሚያም ያውቃሉ። የእናቴን የዕጣ ወረቀት ያወጣው እጅ ይህን ሊያውቅ አይችልም ነበር፤ እማማ ግን ያውቁት ነበር። ከሕንፃው ፊት ደግሞ መኪና የማይቆምበት፣ እሳት የሚነድበት፣ ድንኳን የሚተከልበት ባዶ መሬት ይተው። አረንጓዴ ሣር ተተክሎበት «አትርገጡ» የሚባልበት አይደለም። ሰው የሚረግጠው መሬት ነው የምለምነው።

ይህ ገንዘብ የሚጠይቅ ነገር ነው ብዬ አላምንም። ዝርዝሩን አንድ ቀን ቀድሞ መጠየቅ ነው። ሁሉም የእድር አባል አብሮ መሄድ እንደማይፈልግ አውቃለሁ፤ ከጎረቤቱ ተጣልቶ መገላገል የሚፈልግም አለ፤ መብቱ ነው። አብረን እንሂድ ያለው ግን አብሮ የሚሄድበት መንገድ ይኑረው።

ስብሰባው እስከ እኩለ ቀን ቆየ። ድምፅ አልተሰጠም። ሽማግሌው አንድ ሐሳብ አቀረቡና ሰው ሁሉ ዝም አለ፤ ዝምታው መስማማት መሆኑን ሁሉም አወቀ። እድሩ ይቀጥላል። ከባዱ ድንኳን ቅጥር ግቢው ውስጥ በአደራ ይቀመጥና፣ በአንድ ፒክአፕ የሚጫን ቀለል ያለ ትንሽ ድንኳን ይገዛል። ጀሞ አንድ፣ ገላን አንድ፣ ኮዬ ፈጬ አንድ ጠሪ ይመደባል። ጡሩምባ ነፊያችን በየወሩ የስልክ ካርድ ይሞላላቸዋል፤ ሰው ሲያርፍ ለሦስቱ ጠሪዎች የሚደውሉት እሳቸው ናቸው።

ሰው ሲበተን ጡሩምባ ነፊው ባለሃምሳ ሉክ ደብተር ይዘው በየሰው እየዞሩ ስልክ ቁጥር ይጽፉ ነበር። ዓይናቸው ደክሟል፤ ቁጥሩን ትልልቅ አድርገው ነው የሚጽፉት፤ በአንድ ገጽ ከአምስት ሰው በላይ አይገባም። እናቴ ጋ ሲደርሱ ጻፉ። ከዚያ ቀና ብለው አዩኝና፣ «አንተስ የእሷ ልጅ አይደለህም? አባል ነህ?» አሉኝ። አለመሆኔን ነገርኳቸው፤ አዳማ መኖሬንም።

«አዳማ ስልክ የለም እንዴ?» አሉ፣ እውነተኛ ጥያቄ ነበር።

አለ አልኳቸው። አዲስ ገጽ ገለጡ። ቁጥሬን ነገርኳቸው፤ ጻፉት፤ እንዳልሳሳት ብለው አንድ በአንድ ደግመው አነበቡልኝ። ልክ ነው አልኳቸው።