የሌሊት ወፍን ማስወጣት እንጂ መፍጀት አያዋጣም

በኅዳር 2018 ዓ.ም. የማርበርግ ቫይረስ ጂንካ ላይ መገኘቱ ከተነገረ ወዲህ የሌሊት ወፍ ስሟ ክፉኛ ጠፍቷል። ድሮም ወዳጅ አልነበራትም። ኮርኒሱ ውስጥ ሲንኮሻኮሽ የሚሰማ ሰው በርበሬ ማጠን፣ ፀረ ተባይ መርጨት፣ ካልሆነም ዱላ ማንሳት ቢያምረው አይፈረድበትም። ፍርሃቱ ልክ ነው፤ መድኃኒቱ ግን ከበሽታው የባሰ ሊሆን ይችላል።

ለዚህ ኡጋንዳ ምስክር ናት። በ2007 እ.ኤ.አ. በምዕራብ ኡጋንዳ፣ ኪታካ በተባለ የማዕድን ጉድጓድ የሚሠሩ ሰዎች በማርበርግ ተያዙ። በማግስቱ ዓመት በጉድጓዱ የሚኖሩት የሌሊት ወፎች ተፈጁ፤ አፉም ተዘጋ። ጉዳዩ ያለቀለት መሰለ። በ2012 ግን ከጉድጓዱ ብዙም የማትርቀውን ኢባንዳን ጨምሮ በዚያው አካባቢ በሽታው አገረሸ፤ አገሪቱ እስከዚያ ካየችው የማርበርግ ወረርሽኝ ሁሉ የከፋ ነበር። ተመራማሪዎች ኪታካ ሲገቡ ከቀድሞው እጅግ ያነሱ የሌሊት ወፎች ተመልሰው ሰፍረው አገኙ። ከመረመሯቸው ውስጥ ግን 13 በመቶ ያህሉ ቫይረሱን ይዘዋል፤ ከፍጅቱ በፊት 5 በመቶ ገደማ ነበር። ባዶ የቀረው ቦታ በሽታውን የማያውቁ እንግዶችን ከየአቅጣጫው ሳበ የሚለው ማብራሪያ ሚዛን ይደፋል።

ደግሞም የማርበርጓ ሌላ ናት፤ ፍራፍሬ የምትበላ፣ ዐይኗ ጎላ ያለ፣ ዋሻና የማዕድን ጉድጓድ የምትወድ። ቆርቆሮ ሥር የሚሰፍሩት በአብዛኛው የእሳት እራትና ጥንዚዛ እያሳደዱ የሚያድሩ ትንንሾች ናቸው። ቢሆንም ለእነሱም ቤት ይለቀቅላቸው የሚባል አይደለም። ኩሳቸው ሳንባ የሚያሳምም ፈንገስ ሊያበቅል ይችላል፤ ንክሻቸውም የእብድ ውሻ በሽታን ያሰጋል። የተነከሰ ሰው ቁስሉን ለ15 ደቂቃ በውሃና በሳሙና አጥቦ ሳይውል ሳያድር ጤና ጣቢያ መሄድ አለበት።

በርበሬ ሲታጠን ወፎቹ ወደ ጣሪያው ጥግና ወደ ግድግዳው ስንጥቅ ይሸሻሉ። አስቀድሞ የሚያስነጥሰው ባለቤቱ ነው።

ማስወጣቱ ትዕግሥት እንጂ ረቂቅ ጥበብ አይፈልግም። ፀሐይ ስትጠልቅ አንድ ሰው በደጅ፣ ሌላው በጓሮ በኩል ቆሞ ከየት ብቅ እንደሚሉ ያያል። በጣት ውፍረት ያለች ስንጥቅ ትበቃቸዋለች። ግድግዳው ላይ ቅባት የመሰለ ጥቁር እድፍ፣ ከሥሩም በእንጨት ሲነኩት እንደ አፈር የሚፈረፈር ኩስ ካለ መውጫው እዚያ ነው። ከዚያ ወፎቹ የማይጠቀሙበት ክፍተት ሁሉ በሲሚንቶና በወንፊት ሽቦ ይደፈናል። በዋናው መውጫ ላይ 5 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ልሙጥ የፒቪሲ ቱቦ ወደ ታች ዘንበል ብሎ ይታሰራል፤ ቱቦ ከሌለ ከላይና ከጎን የተመታ፣ ከታች የተለቀቀ ደቃቅ መረብ ይንጠለጠላል። ወፏ ተንሸራትታ ትወጣለች፤ ስትመለስ የቱቦው ልሙጥነት ጥፍሯን አያስይዛትም፣ መረቡም መግቢያውን ይጋርድባታል። ሳምንት ያህል ቆይቶ የሚወጣ ሲጠፋ ቀዳዳው ለአንዴም ለሁሌም ይዘጋል። የቀረው ኩስ በደረቁ አይጠረግም፤ ውሃ ተረጭቶበት፣ በጓንትና በማስክ ይታፈሳል።

ብዙዎች የሚሳሳቱት ጊዜው ላይ ነው። እናቲቱ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ግልገል ትወልዳለች፤ እሱም ለመብረር ሳምንታት ይፈልጋል። ያኔ በሩ ከተዘጋ ግልገሉ ውስጥ ይሞትና ሽታው ለቤተሰቡ ይተርፋል፤ እናቲቱም ልጇን ፍለጋ ባገኘችው ቀዳዳ መኝታ ቤት ልትገባ ትችላለች። በሞቃት አገሮች ወሊዱ በብዛት ነፍሳት በሚበዙበት በዝናብ ወቅት ስለሚውል በጋው ይመረጣል። በበጋም ቢሆን ፀጉር ያላወጣ ግልገል መኖር አለመኖሩን አስቀድሞ በባትሪ ማየት ነው።

እንግሊዞች ለነገሩ ከ1981 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሕግ ከልክለዋል፤ ያለፈቃድ የሌሊት ወፍ ማደሪያ መንካት ያስቀጣል። አንዳንዴ ግን ያበዙታል። ኤለርበርን በተባለች የዮርክሻየር መንደር የቅድስት ሂልዳ ቤተ ክርስቲያን ምእመናን በኩስና በሽንት ሽታ ሲማረሩ ኖረው፣ ወፎቹን ከውስጥ ለማስወጣት የሚያስችል ፈቃድ ያገኙት ከብዙ ዓመት ክርክር በኋላ ነው። እንዲህ ያለውን ሕግ እንዳለ መገልበጥ አያስፈልግም። ከእሱ የሚወሰደው የወሊዱን ወቅት መጠበቁ ነው።

የጣጣው መነሻ ደግሞ ቤቱ ሲሠራ የተተወ ነው። የቆርቆሮው ሞገድ ከግድግዳው ጋር ሲገናኝ የሚቀረውን ክፍተት አናጺው አይደፍነውም፣ አሠሪውም አይጠይቅም። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ስለ መጸዳጃ ቤትና ስለ አጎበር ቤት ለቤት ሲያስተምሩ ስለዚህ ክፍተት ሁለት ቃል ቢጨምሩ ብዙ ድካም የለውም። ትምህርት ቤቶችና ጤና ጣቢያዎችም ጣሪያ ሲያሳድሱ ሥራውን በበጋ ቢያውሉትና የወንፊት ሽቦውን ከቆርቆሮውና ከሚስማሩ ጋር በጨረታ ሰነዱ ላይ ቢያስገቡት ይሻላል።