ሬዲዮ የያዘ ሁሉ ሰላይ አይደለም

ትርፍ ሰዓቴን በምን እንደማሳልፍ ሰው ሲጠይቀኝ "በአማተር ሬዲዮ" እላለሁ። ሁሌ ከሁለት መልስ አንዱን አገኛለሁ። አንደኛው "ስልክ እያለ?" የሚል ነው። ሁለተኛው ድምፅ ዝቅ ተደርጎ ይነገራል፦ "ተው ባክህ፣ ነገር እንዳታመጣብን!" የመጀመሪያው ያስቀኛል። ሁለተኛው ግን ያናድደኛል። ዛሬ የምሟገተው በዋናነት ከሱ ጋር ነው።

ለማያውቀው ባጭሩ ልንገር። አማተር ሬዲዮ ማለት ተፈትኖ ፈቃድ ያወጣ ተራ ሰው፣ በራሱ ማሰራጫና በራሱ አንቴና፣ ከሌላ አገር አማተሮች ጋር ያለ ንግድና ያለ ክፍያ የሚገናኝበት ነገር ነው። እያንዳንዳችን እንደ መኪና ታርጋ ያለ የጥሪ ምልክት አለን።

አሁን ወደ "ሰላይነቱ" እንምጣ። እኔ ባለሁበት በአሜሪካ ሕጉ ምን ይላል? መልእክትን በሚስጥር ኮድ መደበቅ ክልክል ነው። በየ10 ደቂቃው የጥሪ ምልክትህን መናገር ግዴታ ነው። ምልክቱን ሰምቶ የመንግሥትን ድረ ገጽ የከፈተ ማንም ሰው ስምህንና የፖስታ አድራሻህን ያገኛል። እስቲ ንገሩኝ፣ በየ10 ደቂቃው ማንነቱን የሚናገር፣ አድራሻውን ለሕዝብ የሰጠ ሰላይ የት አይታችሁ ታውቃላችሁ?

ፍርሃቱ ከሰማይ አልወረደም፣ ይገባኛል። አስመራ የነበረው የአሜሪካኖቹ ቃኘው ጣቢያ እውነትም የሌላውን ሬዲዮ የሚያዳምጥ ነበር። በደርግ ዘመን ወላጆቻችን የውጭ ጣቢያ የሚሰሙት በር ዘግተው፣ ድምፅ ቀንሰው ነው። የጀርመን ድምፅንና የአሜሪካ ድምፅን በአጭር ሞገድ ሲከታተል ያደገ ሕዝብ ነን። በማዳመጥ ማን ይችለናል! መናገሪያውን መንካት ግን የመንግሥት ወይም የወንጀለኛ ሥራ ብቻ መሰለን። ደርግ ከወደቀ ከ30 ዓመት በላይ ሆነው። ፍርሃቱን ግን እንደ ቅርስ ለልጆቻችን እያወረስን ነው።

የኔን መንገድ ልንገራችሁ። የመጀመሪያው ፈተና 35 ጥያቄ ነው፣ 26 ያገኘ ያልፋል። ጥያቄዎቹ በሙሉ ከነመልሳቸው አስቀድመው የታተሙ ናቸው። የፈተኑኝ ሦስት በጎ ፈቃደኛ ሽማግሌዎች ነበሩ። ያኔ ዜግነት አልነበረኝም፤ አስፈላጊም አልነበረም። በሁለተኛው ደረጃ ፈተና የረጅም ርቀቱ በር ተከፈተልኝ። 10 ሜትር ገደማ ሽቦ ሁለት ዛፍ መሃል ወጥሬ፣ በ100 ዋት፣ ማለትም በአንድ የድሮ አምፖል ጉልበት፣ ከብራዚልና ከፖርቱጋል ሰዎች ጋር አወራሁ።

አዮኖስፌርን ሃይ ስኩል ሸምድጄ ነበር ያለፍኩት። የገባኝ ግን ቀን ጥርት ብሎ የሚሰማ ጣቢያ ማታ ሲጠፋብኝ፣ ሌላው ደግሞ ማታ ብቻ ሲመጣልኝ ነው። የፀሐይ የ11 ዓመት ዑደት ለኔ አሁን የመጽሐፍ ዓረፍተ ነገር አይደለም፣ ዛሬ ሬዲዮውን ልክፈት አልክፈት የምልበት ነገር ነው።

አንድ ቀን "ኢ ቲ 3 ኤ ኤ" የሚል ጥሪ ሰማሁ። አዲስ አበባ፣ አምስት ኪሎ ቴክኖሎጂ ግቢ ያለው የክበቡ ጣቢያ ነው። ጣሊያኑ፣ ጃፓኑ፣ ሩሲያው ሁሉ እሱን ለማግኘት ይሻማል። ከኢትዮጵያ የሚሰማ ጣቢያ ብርቅ ስለሆነ ነው። ኮራሁ፤ ወዲያው ደግሞ ከፋኝ። ከመቶ ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ያላት አገር ድምፅ እንዴት ብርቅ ይሆናል?

"ስልክ እያለ?" ለሚሉት፦ ስልኩ ያንተ ነው፣ መንገዱ ግን ያንተ አይደለም። ስልክና ኢንተርኔት ሲቋረጥ የእናቱን ድምፅ ለወራት ያጣ ሰው በየቤታችን አለ። አማተር ሬዲዮ ያን ችግር ይፈታው ነበር ብዬ አልዋሽም፤ የሌላን ሰው መልእክት ወደ ውጭ አገር ማስተላለፍ እዚህ አሜሪካም ቢሆን በአገሮች ስምምነት የተገደበ ነው። እኔ የምለው መልእክት እንዴት እንደሚሄድ የሚያውቅ፣ ሲበላሽ የሚጠግን ሰው በየሰፈሩ ይኑረን ነው። ጎርፍና የመሬት መንቀጥቀጥ ቀጠሮ አይሰጡም።

"የደኅንነት ጉዳይስ?" ለሚሉት፦ መልሱ ፈቃድ መስጠት ነው። ለክፋት የተነሳ ሰው ፈተና ተቀምጦ አድራሻ አያስመዘግብም። የዮርዳኖሱ ንጉሥ ሁሴን በጦርነት መሃል አገር እየመሩ "ጄ ዋይ 1" በሚል ምልክት ከዓለም ተራ ሰዎች ጋር ያወሩ ነበር። የሕንዱ ጠቅላይ ሚኒስትር ራጂቭ ጋንዲም አማተር ነበሩ። ንጉሥ ያልፈራውን እኛ ምን አስፈራን?

"የሀብታም ጨዋታ ነው" ለሚሉት ደግሞ፦ ትንሿ የእጅ ሬዲዮ ከአንድ ደህና ጫማ ትረክሳለች። እ.ኤ.አ. በ2018 የመጠቀችው የኳታር ሳተላይት ኤስሃይል 2 የአማተሮች መሣሪያ ተሸክማ 26 ዲግሪ ምሥራቅ ላይ ቆማለች። ኢትዮጵያ ሙሉ በሙሉ በሽፋኗ ውስጥ ናት። ለማዳመጥ የሚያስፈልገው ጣሪያችን ላይ ያለው ዓይነት ዲሽ፣ ኮምፒውተርና አንድ ርካሽ የዩኤስቢ መቀበያ ነው። ዲሹን ለድራማ አቅንተነዋል፤ ለልጆቻችን ትምህርት ማቅናት ምን ይከብዳል?

ዛሬ ብዙ አማተሮች የሚጠቀሙበትን ኤፍ ቲ 8 የተባለ ዲጂታል ዘዴ ከፈጠሩት አንዱ ጆ ቴይለር ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1993 በፊዚክስ የኖቤል ሽልማት ያገኙ ሰው ናቸው። በልጅነታቸው አማተር ነበሩ። ሬዲዮ የነካ ልጅ ሁሉ ኖቤል ያገኛል አልልም። ያልተነካ ነገር ግን ሳይንቲስት አያፈራም።

ስለዚህ ጥያቄዬ ግልጽ ነው። ሕግ የምታወጡ፦ ጥያቄዎቹ በአማርኛና በሌሎች ቋንቋዎቻችን የታተሙ፣ የ15 ዓመት ልጅም ተምሮ የሚያልፈው ፈተና ይኑር፤ ላለፈ ፈቃድ ይሰጠው። ወላጆች፦ ልጃችሁ ሽቦ ሲቀጥል "ነገር እንዳታመጣ" አትበሉት፣ ምን እየሠራ እንደሆነ ጠይቁት። ውጭ ያለን ኢንጂነሮች ደግሞ፣ ለሠርግ አዳራሽ የምናወጣውን እያሰብን፣ ለአንድ ትምህርት ቤት ክበብ አንድ ሬዲዮ ማዋጣት አያቅተንም።

ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ያላችሁ፣ ለመጀመሪያው ፈተና ማጥናት የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ቅዳሜ ከሰዓት ጊዜ አለኝ፣ ቡናው በኔ። የማትስማሙ ደግሞ እዚሁ ሥር ተሟገቱኝ፤ ድምፅ ዝቅ ማድረግ ግን አይቻልም!

73! (በአማተሮች ቋንቋ "መልካም ምኞቴ ይድረሳችሁ" ማለት ነው።)