ዜጋ ማለት ማን ነው?

ይህን ጽሑፍ ለመጽሔታችን አዘጋጆች ከመስጠቴ በፊት ያነበበው አንድ የክፍሌ ልጅ፣ «ስማ ወንድሜ፣ ስለ ካፌው ሽሮ ብትጽፍ አይሻልህም?» አለኝ። ስለ ሽሮው በየእትሙ ተጽፏል፤ ሽሮውም አልተሻሻለም። እኔ ዛሬ የማነሣው የሐኪም ቤትንና የሐኪም ቤት ሠራተኛን ጉዳይ ነው። ጥያቄዬ አጭር ነው፤ ሐኪም ቤት ሠራተኛ ሲቀጥር ምን ሊጠይቀው ይገባል? ምንስ ሊጠይቀው አይገባም?

ያደግሁት ኮልፌ ነው። ከሰፈራችን ተነሥቶ በጦር ኃይሎች በኩል ወደ ዘነበወርቅ የወረደ ሰው የአለርትን ግቢ ያውቀዋል። አለርት በ1958 ዓ.ም. የተቋቋመው የሥጋ ደዌን ለማከምና ከመላው አፍሪካ ለሚመጡ ባለሙያዎች ትምህርት ለመስጠት ነበር፤ ከዚያ በፊትም በቦታው ላይ በልዕልት ዘነበወርቅ ስም የሚጠራ የሥጋ ደዌ ሐኪም ቤት ነበር። ከሩቅ አገር የመጡት ሕመምተኞች ብዙዎቹ ከታከሙ በኋላ ወደ ቀያቸው አልተመለሱም፤ የሚቀበላቸው አልነበረምና። በሐኪም ቤቱ ዙሪያ ጎጆ ቀልሰው፣ ልጅ ወልደው፣ መንደር ሆኑ።

አያቴ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ከዚያ መንደር የመጣ ወተት ቤታቸው አያስገቡም ነበር። ክፉ ሴት አልነበሩም፤ ጾም የሚጾሙ፣ ለነዳይ የሚመጸውቱ ነበሩ። ነገር ግን በሽታው ከዘር የሚወረስ ወይም በኃጢአት የመጣ መሆኑን ከልጅነታቸው ጀምሮ ሰምተዋል። የኖርዌዩ ሐኪም ሃንሰን የበሽታውን ተሕዋስ እ.ኤ.አ. በ1873 ማግኘቱን የነገራቸው አልነበረም። በሽታው በቀላሉ እንደማይተላለፍና በመድኃኒት ፈጽሞ እንደሚድንም አላወቁም። ሐኪም ቤቱ ግን ያውቅ ነበር፤ ስለዚህም ታክመው ለዳኑት በግቢው ውስጥ የጥልፍና የእጅ ሥራ ከፈተላቸው። «ሕዝቡ ይፈራችኋልና አልቀጥራችሁም» ቢል ኖሮ በአንድ እጁ ያከመውን በሌላው እጁ ባቆሰለ ነበር።

አንባቢ አስቀድሞ እንዳይሳሳትብኝ እፈልጋለሁ። ቀጥዬ የማነሣቸውን ሰዎች ከሕመምተኛ ጋር ማመሳሰሌ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ግንቦት 17 ቀን 1990 የተመሳሳይ ፆታ ፍቅርን ከበሽታዎች መዝገብ ሰርዞታል። የማመሳስለው የእኛን ፍርሃት ነው፤ የፍርሃታችንን ጠባይ ከአያቴ ወተት ተምሬዋለሁና።

በከተማችን በአንድ ሐኪም ቤት ለብዙ ዓመታት ያገለገለ አንድ ነርስ አውቃለሁ። የሐኪም ቤቱን ስም አልጠራም፤ አለርት ግን አይደለም። የሌሊት ተራ የከበደበት ሁሉ ለዚህ ሰው ያስተላልፍ ነበር፤ እርሱም አንድ ቀን እንቢ አላለም። ከዕለታት አንድ ቀን ስለ እርሱ ሹክሹክታ ተነሣ። በመጀመሪያ ባልደረቦቹ ከእርሱ ጋር ከአንድ ገበታ መቁረስ ተዉ። ቀጥሎ የልብስ መለዋወጫ ሣጥኑ ላይ ስድብ ተጻፈ። በመጨረሻም አለቃው ጠርተው፣ «ልጄ፣ ወሬው እስኪበርድ ቤትህ ብትቆይ» አሉት። ወሬው አልበረደም፤ ደመወዙ ግን ቆመ። በሙያው የከሰሰው አንድም ሕመምተኛ አልነበረም። ወሬው እውነት ይሁን ሐሰት እኔ አልጠየቅሁትም፤ ሐኪም ቤቱም ሊጠይቀው አይገባም ነበር። የጽሑፌ ሐሳብ በሙሉ ይኸው ነው።

ሕጉን የረሳሁት የሚመስለው ሰው ይኖራል። አልረሳሁም። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 629 ድርጊቱን ወንጀል አድርጎ በቀላል እስራት ይቀጣል። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ደግሞ የአዲስ አበባ የሰላምና ጸጥታ ቢሮ በሆቴሎችና በመጠጥ ቤቶች ፍተሻ መጀመሩን ገልጾ ሕዝቡ ጥቆማ እንዲሰጥ ጠየቀ። እንግዲህ ጎረቤት በጎረቤቱ፣ ባልደረባ በባልደረባው ላይ ጠቋሚ ሲሆን፣ ሐኪም ቤት ውስጥ ምን እንደሚከተል መገመት አያዳግትም። ሆኖም ሕጉ የሚቀጣው ድርጊትን ነው፤ የሚፈርደውም ማስረጃ የመረመረ ፍርድ ቤት ነው። የሐኪም ቤት የሰው ኃይል ክፍል ፖሊስም ዳኛም አይደለም። ሹክሹክታን ማስረጃ አድርጎ እንጀራ የሚነጥቅ ቀጣሪ ሕግ አስከበረ አይባልም፤ ሕግን ተክቶ ፈረደ እንጂ።

የአገራችን ሌሎች ሕጎችስ ምን ይላሉ? የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 25 ሰዎች ሁሉ በሕግ ፊት እኩል መሆናቸውን ይደነግጋል፤ ልዩነት የማይደረግባቸውን ምክንያቶች ዘርዝሮም «ሌላ አቋም» በሚል ቃል በሩን ክፍት ይተወዋል። በአንቀጽ 26 የግል ሕይወትን ያስከብራል። ኢትዮጵያ በሥራና በቅጥር አድልዎን የሚከለክለውን የዓለም ሥራ ድርጅት 111ኛ ስምምነት ያጸደቀችው በ1958 ዓ.ም. ነው፤ አለርት በተቋቋመበት ዓመት። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ም ኤች አይ ቪንና አካል ጉዳትን በስም ጠርቶ በእነርሱ ምክንያት ማዳላትን ይከለክላል። ትናንት ኤች አይ ቪ ያለበት ሰው ብርጭቆው ይለይበት እንደነበር እናስታውሳለን። አዋጁ እዚህ የደረሰው ሰዎች አፍ አውጥተው ስለ ጠየቁ ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ «ይህ የፈረንጅ ነገር ነው» የሚለው ነው። አባቶቻችን አልነቀፉትም ብዬ አልከራከርም፤ ነቅፈዋል። ነገር ግን ድርጊቱን የከለከለውን የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ያረቀቁት የስዊስ ሰው ፕሮፌሰር ዣን ግራቨን ነበሩ። የሚያስደንቀው፣ የገዛ አገራቸው ስዊስ በጎልማሶች መካከል በፈቃድ የሚፈጸመውን ድርጊት ከወንጀልነት ያወጣችው ከዚያ አስቀድሞ፣ እ.ኤ.አ. በ1942 ነው። ፈረንጅነት ማስረጃ ከሆነ በሁለቱም ወገን ይቆጠር። ደግሞም ያ ነርስ ፈረንጅ አይደለም። በአማርኛ ያለቅሳል፤ ለእናቱም በየወሩ ገንዘብ ይልክ ነበር።

ሦስተኛው ተቃውሞ የሃይማኖት ነው፤ ይህንንም በአክብሮት እቀበላለሁ። ቤተ ክርስቲያንም መስጊድም የሚያስተምሩትን እንዲለውጡ በዚህች ገጽ አልጠይቅም። የሐኪም ቤት ደጃፍ ግን ሌላ ደጃፍ ነው። ቁስለኛው ሲገባ «ጾመሃል ወይ?» አይባልም። ቁስሉን የሚያጥበውም ሰው የሚጠየቀው እጁን መታጠቡን ነው።

ከኮልፌ አንድ ሌላ ታሪክ ላንሣ። ኔልሰን ማንዴላ በ1954 ዓ.ም. ወታደራዊ ትምህርት የተማሩት በዚሁ በሰፈራችን፣ በፈጥኖ ደራሽ ፖሊስ ሰፈር ነው። እኛ የኮልፌ ልጆች በዚህ ስንኩራራ አድገናል። እኒያው ሰው ፕሬዚዳንት ሆነው እ.ኤ.አ. በ1996 የፈረሙት የደቡብ አፍሪካ ሕገ መንግሥት በቀለም፣ በፆታ፣ በሃይማኖት እንዲሁም በፆታዊ ዝንባሌ ምክንያት አድልዎ ማድረግን በግልጽ ይከለክላል። በዓለም ላይ ይህን በሕገ መንግሥቷ ካሰፈሩት አገሮች ቀዳሚዋ ደቡብ አፍሪካ ናት። በማንዴላ ጠመንጃ ኮርተን በማንዴላ ሕግ ማፈር የሚያስኬድ አይመስለኝም።

«ሕጉ ሳይለወጥ ቀጣሪ ምን ያደርጋል?» ለሚልም መልስ አለ። ሞዛምቢክ በፆታዊ ዝንባሌ ምክንያት ሠራተኛን መበደል የከለከለችው እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጣችው የሥራ ሕግ ነው፤ አሮጌውን የቅኝ ገዥ ወንጀለኛ መቅጫ የለወጠችው ግን እ.ኤ.አ. በ2015 ነው። የሥራው በር ከፍርድ ቤቱ በር ስምንት ዓመት ቀድሞ ተከፈተ ማለት ነው።

ስለዚህ ከሐኪም ቤቶቻችን አስተዳደር የምጠይቀው አራት ነገር ነው። አንደኛ፣ በቅጥርና በዕድገት ጊዜ ከሙያና ከሥነ ምግባር በቀር ስለ ሠራተኛው የግል ፍቅር እንዳይጠየቅ። ሁለተኛ፣ በሹክሹክታ ብቻ ከሥራ ማገድ በውስጥ ደንብ እንዲከለከል። ሦስተኛ፣ ስድብ፣ ማግለልና ማስፈራራት በማንም ላይ ቢፈጸም እንደ ጥፋት እንዲቆጠርና አቤቱታውን የሚሰማ ኮሚቴ እንዲኖር። አራተኛ፣ የሕመምተኛውም የሠራተኛውም ምሥጢር እንዲጠበቅ። ይህን የመጨረሻውን ቀላል አታድርጉት። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው የሶሲዮሎጂ ምሁር ጌትነት ታደለ ከአሥር ዓመታት በፊት በእነዚህ ሰዎች ሕይወት ላይ ባደረጉት ጥናት መገለልና ፍርሃት ለጤናም ጠንቅ መሆናቸውን አሳይተዋል። ነርሱን የሚያባርር ሐኪም ቤት ሕመምተኛውንም ከበሩ ያሸሻል። የሸሸ ሕመምተኛ ደግሞ በሽታውን ይዞ የሚኖረው በእኛው መካከል ነው።

ከእኛስ ምን ይጠበቃል? ነገ ሐኪም፣ የሕግ ሰው፣ የቢሮ ኃላፊ የምንሆነው እኛው ነን። የሕክምና ፋኩልቲ ወንድሞቼና እኅቶቼ በልምምድ ጊዜያችሁ ሹክሹክታ ስትሰሙ ተቀባይ አትሁኑ። ከአንድ ገበታ መቁረስ ደንብ አያስፈልገውም።

አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ። እነዚህ ሰዎች በከተማችን እርስ በርሳቸው የሚጠራሩበት የምሥጢር ቃል አላቸው፤ ቃሉም «ዜጋ» ነው። ማን እንዳወጣው እንጃ። እኛ ግን ይህን ቃል በሕገ መንግሥት ትምህርት ክፍል በየቀኑ ስንጠራው ምሥጢር ነው ብለን አስበን አናውቅም። ለእኛ በግልጽ የተሰጠንን ስም እነርሱ በሹክሹክታ ይለዋወጡታል።

ስሜን ከዚህ ጽሑፍ ግርጌ ባለማኖሬ የሚታዘበኝ ይኖር ይሆናል። እውነቱን ነው። ስም መጻፍ የማያስፈራበት ቀን ሲመጣ ግን ይህ ጽሑፍም አያስፈልግም።

ከአርት ፋኩልቲ